ስም ለማግኘት 51 ዓመት የጠበቀች ሸረሪት

በእሑድ ቀን ጋዜጣውን ዘርግቶ ስለ ሸረሪት የተጻፈ ሐተታ የሚያገኝ አንባቢ፣ «ለመሆኑ የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ነውን?» ይል ይሆናል። አይፈረድበትም። ሸረሪት በየቤታችን የምትታወቀው በመጥረጊያ ጫፍ ነው። የበዓል ሰሞን ጣራና ግድግዳ ሲጠረግ ድሯ በመጥረጊያው ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። የሸማኔውንም ሆነ የሸረሪቷን ክር በአንድነት «ድር» እንለዋለን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልንም እንተርታለን። ድሩን ስናመሰግን የድሩን ባለቤት ማንነት ግን እምብዛም ጠይቀን አናውቅም።

ዛሬ የምናወራላት ሸረሪት አንበሳ ለማሰር ቀርቶ ዝንብ ለመያዝ እንኳ ድር የማትዘረጋ ናት። ቁመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ መኖሪያዋ ግን በአፍሪካ ምድር ካለው ተራራ ሁሉ ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። በ1924 ዓ.ም. በሰው ዓይን ታየች። የሳይንስ ስም ያገኘችው በ1975 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማየትና በስም መካከል 51 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ለምን እንደ ፈጀ ብንመረምር፣ የምንማረው ስለ ሸረሪቷ ብቻ ሳይሆን፣ ማወቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነም ጭምር ነው።

ሐኪሙና ጠርሙሱ

በ1924 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተራራ ወጪዎች ከቲቤት በኩል ኤቨረስትን ለመውጣት ዘመቱ። የጉዞው መሪ ጄኔራል ብሩስ በመንገድ ስለ ታመሙ፣ አመራሩን ኮሎኔል ኖርተን ተረከቡ። ከተጓዦቹ መካከል ሪቻርድ ሂንግስተን የተባሉ አየርላንዳዊ ሻለቃ ነበሩ። ሥራቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው የጉዞው ሐኪም መሆን፣ ሁለተኛው በመንገድ የሚያገኙትን ዕፀዋትና እንስሳት መሰብሰብ።

የዚያ ዘመቻ ታሪክ በዓለም የታወቀው በሌላ ምክንያት ነው። ኖርተን ያለ ኦክሲጅን ዕርዳታ እስከ 8,573 ሜትር ድረስ ከወጡ በኋላ፣ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይናቸውን ስላሳወራቸው፣ ሂንግስተን እስከ 7,000 ሜትር ገደማ ወጥተው ረዷቸው። ከጥቂት ቀን በኋላም፣ ሰኔ 8 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ማሎሪና ኧርቪን የተባሉት ሁለት ጓደኛሞች ወደ ጫፉ ሲገሰግሱ ታይተው በደመና ተሸፈኑ፤ ከዚያም አልተመለሱም። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱ ሰዎች ጫፉን ረግጠው ይሆን ወይስ ሳይረግጡ ቀሩ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ዓለም ስለ ሁለቱ ጀግኖች ሲከራከር፣ በሐኪሙ ጓዝ ውስጥ ስላለው ትንሽ ጠርሙስ የጠየቀ አልነበረም። ሂንግስተን 6,700 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፣ ዙሪያውን በበረዶ በተከበበ ጭንጫ መሬት፣ ከድንጋይ ሥር ትንንሽ ሸረሪቶች አገኙ። አንባቢ ይህን ከፍታ በሐሳቡ እንዲለካው ያህል፣ የአገራችን ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የአፍሪካ ቁንጮ የሆነው ኪሊማንጃሮም 5,895 ሜትር ነው። በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ሌላ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ብንጭንበት ነው የሸረሪቷ መንደር የሚደረስበት። በዚያ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከግማሽ ያነሰ ነው። ሰው ለጥቂት ቀን ይቆይ እንደ ሆነ እንጂ ጎጆ ቀልሶ አይኖርበትም። ሸረሪቷ ግን ቤቷ ነው።

ያለ ቅጠል የሚኖር ማን ነው?

ሂንግስተንን አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። ሸረሪቶቹ ከተገኙበት ቦታ ሣርም ቅጠልም የለም፤ የመጨረሻው ተክል የቀረው ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ቅጠል ከሌለ ቅጠል የሚበላ ነፍሳት የለም፤ ነፍሳት ከሌለ ደግሞ ሸረሪት የምታድነው የለም። ታዲያ ምን ትበላለች? ሐኪሙ በዙሪያው ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ስላጡ፣ ሸረሪቶቹ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ የሚል መልስ ሰጡ።

ይህ መልስ ለጊዜው ያጠግባል፤ ሲያስቡት ግን ያስርባል። አንድ ቤተሰብ እርስ በርሱ እየተበላላ ብቻ ዘሩን ሊያቆይ እንደማይችል ማንኛውም የሂሳብ ተማሪ ያውቀዋል። ከውጭ የሚገባ ነገር ከሌለ ቆጠራው በየትውልዱ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ባዶ ይሆናል።

እውነተኛው መልስ የመጣው ሎውረንስ ስዋን ከተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። ስዋን በ1954 ዓ.ም. ከኤቨረስት ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ማካሉ ተራራ ከተጓዘው ቡድን ጋር ሄደው፣ በድንጋይ መካከል ተንበርክከው ድንጋይ እየገለበጡ ተመለከቱ። ከዚያም የምግቡን መንገድ ደረሱበት። ከታች ካለው ቆላና ሸለቆ ነፋስ የአበባ ብናኝ፣ የደረቀ ቅጠል ፍርፋሪና የዘር ገለባ ጠራርጎ ወደ ላይ ያወጣል። ይህም በድንጋይ ሥርና በበረዶ ጥግ ይጠራቀማል፤ ይሻግታል። ሻጋታውንና ብስባሹን ከቁንጫ ያነሱ፣ ክንፍ የሌላቸው ዘላይ ነፍሳትና ጥቂት ዝንቦች ይበሉታል። እነርሱን ደግሞ ሸረሪቷ ታድናለች። ስዋን ይህን ዓይነት አገር በ1963 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በግሪኮች የነፋስ አምላክ በኤኦሎስ ስም «ኤኦሊያዊ ቀበሌ» አሉት፤ በአማርኛ «ነፋስ የሚቀልበው አገር» ብንለው ያስኬዳል።

እንግዲህ በሂማላያ ጫፍ ያለችው ሸረሪት የምትበላው፣ ከእርሷ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብሎ ገበሬ ከሚያርሰውና ከብት ከሚግጠው አገር የተነሣውን ትራፊ ነው። ብቻዋን የምትኖር መስላ የታየችው ፍጥረት ከታችኛው አገር ጋር በነፋስ ክር የተሳሰረች ሆና ተገኘች። ድር ባትዘረጋም ከድር አላመለጠችም።

የአዳኝነቷ ነገርም ሊነገር የሚገባው ነው። ይህች ሸረሪት ዘላይ ሸረሪቶች ከሚባለው ቤተሰብ ናት፤ ቤተሰቡ ከ6,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ስምንት ዓይኖች አሏቸው፤ ከፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፤ በእነዚህም ያደኑትን አነጣጥረው ያያሉ። ወጥመድ ዘርግተው አይጠብቁም፤ እንደ ድመት አድብተው ይጠጉና ይዘላሉ። የኋላ እግራቸውን የሚያስፈነጥሩት በሰውነታቸው ያለውን ፈሳሽ በኃይል ወደ እግራቸው በመግፋት ነው። ከመዝለላቸው በፊት ደግሞ ቀጭን ክር ከድንጋዩ ላይ ያጣብቃሉ፤ ቢስቱና ቢወድቁ ክሩ ይይዛቸዋል። ተራራ ወጪዎቹ ገመድ አስረው ሲንጠላጠሉ፣ ከእግራቸው ሥር ያለችው ሸረሪትም ገመዷን አስራ ትዘል ነበር ማለት ነው።

ስም እንዴት ይወጣል?

በ1924 ዓ.ም. ታየች፤ በ1963 ዓ.ም. ኑሮዋ ተገለጠ፤ ስሟ ግን ገና አልወጣም ነበር። አንባቢ «ታይታ፣ ተይዛ፣ ምግቧም ታውቆ ስም መስጠት ይህን ያህል ያስቸግራልን?» ይል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ተማሪ ሳለ እንዲሁ ያስብ ነበርና፣ እንዴት እንደ ታረመ ቢናገር አያፍርም።

በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥቼ ከድንጋይ ሥር አንዲት ዘላይ ሸረሪት ያዝሁ። ከቤት ባመጣሁት የካቲካላ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኋትና ከሁለት ወር በኋላ ለመምህራችን በኩራት አቀረብሁ። መምህሩ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። «የት ያዝሃት?» አሉኝ። «እንጦጦ» አልሁ። «እንጦጦ ሰፊ ነው፤ ከየትኛው ወገን? በምን ያህል ከፍታ? ከባሕር ዛፍ ሥር ነው ከጥድ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «በስንት ቀን?» አሉኝ። የወሩን ስም እንኳ አላስታወስሁም። መምህሩም ጠርሙሱን መለሱልኝና፣ «ልጄ፣ ይህ የሸረሪት ሬሳ ነው፤ ዕውቀት ግን አይደለም። ወረቀት ብትጽፍበት ኖሮ ዕውቀት ይሆን ነበር» አሉኝ። ካቲካላውም ደካማ ስለ ሆነ ሸረሪቷ ውስጧ መበስበስ ጀምራ ነበር። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ የተማርሁትንም ያህል በአንድ ቀን ተምሬ አላውቅም።

አንድን አዲስ ዝርያ ለዓለም ማስተዋወቅ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ እንስሳው በጠንካራ አልኮል፣ ከመቶ ሰባ ወይም ሰማንያ እጅ በሆነው፣ ይቀመጣል፤ ከጠርሙሱም ውስጥ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የያዘው ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይገባል። ሁለተኛ፣ ሸረሪቷ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆን አለባት። የብዙ ዝርያዎች ጫጩቶች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ አይለዩምና ነው። ሦስተኛ፣ ሊቁ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው በተለይ የወንዱን አጭር የፊት እጅና የሴቲቱን የሆድ ሥር ነው። የመራቢያ ክፍሎቻቸው የሚገኙት በዚያ ነው፤ ቅርጻቸውም ከዝርያ ወደ ዝርያ እንደ ቁልፍ ጥርስ ይለያያል። ቀለም ያታልላል፤ መጠንም ያታልላል፤ ይህ ግን እምብዛም አያታልልም።

አራተኛውና አድካሚው ሥራ ማነጻጸር ነው። «አዲስ ናት» ለማለት፣ ከዚህ በፊት ስም ከወጣላቸው ዘመዶቿ ከአንዳቸውም ጋር አንድ አለመሆኗን ማስረዳት ያስፈልጋል። ዘመዶቿ ደግሞ አንዱ በለንደን፣ አንዱ በፓሪስ፣ አንዱ በበርሊን ቤተ መዘክር ተቀምጠው ይሆናል። ገለጻቸውም የዛሬ መቶና መቶ ኀምሳ ዓመት በላቲን፣ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ሥዕሏ ተነሥቶ፣ ልኳ ተጽፎ፣ ስሟ በታተመ ጽሑፍ ይወጣል። ከተያዙትም አንዷ ተመርጣ «ሆሎታይፕ» ትባላለች፤ ይህችም የስሙ ምስክር ሆና በቤተ መዘክር ለዘለዓለም ትጠበቃለች። ከመቶ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ ዳኛው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው እርሷ ራሷም ጭምር ናት።

የሂማላያዋን ሸረሪት ጉዳይ በዚህ ሥርዓት የፈጸሙት ፍሬድ ዋንለስ የተባሉ እንግሊዛዊ የሸረሪት ሊቅ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. ከኤቨረስትና ከማካሉ ላይኛ ወገብ ስለ ተገኙት ዘላይ ሸረሪቶች ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ «ኡዮፍሪስ ኦምኒሱፐርስቴስ» የሚል ስም አወጡላት። የመጀመሪያው ቃል የወገኗ ስም ሲሆን፣ በግሪክ «መልካም ቅንድብ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የራሷ ስም በላቲን «ከሁሉ በላይ የቆመች» ማለት ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ በሳይንስ ግን ወገን ይቀድማል፣ የግል ስም ይከተላል። በዚያው ጽሑፍ ሌላዋ የአካባቢው ሸረሪት በተራራው ስም «ኡዮፍሪስ ኤቨረስተንሲስ» ተባለች።

ከሁሉ በላይ የቆመው ማን ነው?

ይህ ውብ ስም አንድ ትንሽ ፈተና ገጥሞታል። በ2020 ዓ.ም. ሊቃውንት በቺሊና በአርጀንቲና ወሰን ባለው በዩያያኮ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ፣ በ6,739 ሜትር ከፍታ፣ አንዲት ትንሽ አይጥ በሕይወት ያዙ። ልዩነቱ አርባ ሜትር ባይሞላም አይጧ በለጠች ማለት ነው። ታዲያ የሸረሪቷ ስም ይሻር ይሆን? አይሻርም። በሥርዓት የወጣ ስም ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ እውነት ሆኖ ባይገኝ እንኳ ይጸናል። ስም የሚወጣው ነገሩን ለይቶ ለመጥራት እንጂ ለማወደስ አይደለምና። «ደስታ» የተባለ ሰው ቢያዝን ስሙ ይለወጣልን? አሁንም ነገ ሌላ ሰው ድንጋይ ገልብጦ ከአይጧም በላይ የሚኖር ፍጥረት ቢያገኝ አያስገርምም። የሳይንስ መዝገብ የተከበረው እርማት ስለማያውቅ ሳይሆን፣ እርማቱን በግልጽ ስለሚጽፍ ነው።

ይህ መዝገብ ዛሬ ምን ያህል እንደ ደረሰ መናገር ይገባል። የሸረሪት ስም በሥርዓት መውጣት የጀመረው ክሌርክ የተባሉ ስዊድናዊ በ1757 ዓ.ም. ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። በስዊስ አገር በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የሚጠበቀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ በሚያዝያ 2022 ዓ.ም. ቁጥሩ 50,000 ሞላ። ሃምሳ ሺህኛዋም በደቡብ አሜሪካ የተገኘች ዘላይ ሸረሪት ነበረች። 265 ዓመት የተለፋበት ሥራ ነው፤ ሊቃውንቱ ግን ያን ያህል የሚሆን ገና ስም ያላገኘ ይቀራል ብለው ይገምታሉ።

ችግሩ ጊዜ ነው። የምድር ሙቀት በጨመረ ቁጥር በተራራ ላይ የሚኖሩ ፍጥረቶች ብርዳቸውን እየተከተሉ ወደ ላይ ይሸሻሉ። በተራራ ወገብ ያለው ወደ ትከሻው፣ በትከሻው ያለው ወደ ራሱ ይሸሻል፤ በራሱ ላይ ያለው ግን ወዴት ይሂድ? ከጫፉ በላይ ሰማይ እንጂ አገር የለም። ስም ሳያገኝ የጠፋ ፍጥረት ደግሞ መጥፋቱም አይታወቅም። የሞተውን ለመቁጠር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ስለ እኛ ተራሮች

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሸረሪቶች ለሳይንስ ከቀረቡባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የወጣው በ1883 ዓ.ም. ነው። አንቲኖሪ የተባሉት ኢጣሊያዊ ተጓዥ በሸዋ ተቀምጠው ያሰባሰቡትን፣ ፓቬዚ የተባሉ የአገራቸው ሊቅ መረመሩት፤ ጽሑፉም በጄኖቫ ቤተ መዘክር መጽሔት ታተመ። ከዚያም በኋላ እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ሂው ስኮት በ1926 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጡ፤ በ1948 ዓ.ም. በጉጌ ተራሮች፣ በ1952 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ላይ እየተንከራተቱ ነፍሳት ሰበሰቡ። የደከሙ ሰዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። በየተራራው መንገድ የመራው፣ ጭነት የተሸከመው፣ «ይህ ድንጋይ ሥር አለ» ብሎ ያሳየው የአገሩ ልጅ ነበር። ጠርሙሱ ግን ተጓዘ፤ ምስክሯም በሩቅ ቤተ መዘክር ተቀመጠች። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሸዋ የተያዘችን ሸረሪት ምስክር በዓይኑ ለማየት ቢፈልግ ባሕር ማቋረጥ ያስፈልገዋል። ይህን የምንጽፈው ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ወረቀቱን የጻፈ ነው ባለ ዕውቀት የሆነው። ወረቀቱን መጻፍ ደግሞ ለማንም ያልተከለከለ ሥራ ነው።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በመምህርነት፣ በጤና፣ በግብርና ወይም በአስተዳደር ሥራ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጎባ፣ ወደ ጨንቻ ይመደባሉ። ብርዱን፣ የመንገዱን ርቀት፣ የመብራቱን ነገር ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከመኖሪያቸው ደጃፍ ጀምሮ እስከ ተራራው ራስ ድረስ ያለው ድንጋይ ሁሉ ገና ያልተገለበጠ ሊሆን እንደሚችል ያስቡት። ሂንግስተን ሸረሪት ለመፈለግ የተሾሙ ሰው አልነበሩም፤ ሐኪም ነበሩ። ዋናውን ሥራቸውን ሳይበድሉ በቀራቸው ጊዜ ድንጋይ ገለበጡ፤ የያዙትን በጠርሙስ አኖሩ፤ የት እንደ ያዙት ጻፉ። ለሥራቸው ፍሬ የወጣውን ስም ለማየት አልታደሉም፤ በ1966 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ስሙ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

በቢሮ ሥራ ላይ ያለ ወጣት ይህን ከራሱ ኑሮ ጋር ቢያስተያየው አይሳሳትም። ቀኑ ያልተጻፈበት ደብዳቤ፣ ቦታው ያልተጠቀሰበት ሪፖርት፣ ቁጥር የሌለው ፋይል፣ ሁሉም እንደ እኔ የካቲካላ ጠርሙስ ናቸው፤ ሬሳ እንጂ ዕውቀት አይደሉም። በአንጻሩ ዛሬ በሥርዓት የተጻፈች አንዲት ወረቀት፣ የጻፋት ሰው ካለፈ በኋላ እንኳ፣ ያልተወለደ ሰው ሊሠራባት ትችላለች።

የእኔ የእንጦጦ ሸረሪት ስም አላት የላትም፣ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ክረምት ግን እንደ ገና ወጥቼ ነበር። በዚህ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ጠንካራ አልኮል፣ እርሳስና የተቆራረጠ ወረቀት ነበረ። ድንጋዩን መለስ አድርጌ እንደ ነበረ ካኖርሁት በኋላ፣ ከጠርሙሱ በፊት ወረቀቱን ጻፍሁ።